ኤልያስ ብላቴናውን ለምን ሰባት ጊዜ ላከው? ስለ ነጎድጓድና ስለ ከባድ ዝናብ ትንበያ የቀረበ ትምህርት

በቀርሜሎስ ተራራ የሆነውን ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ሰማይ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ነቢዩ ኤልያስ ወደ ተራራው ራስ ወጥቶ ጸለየ፤ ታላቅ ዝናብም ሆነ። ስንተርከው አብዛኛውን ጊዜ ከጸሎቱ ተነሥተን በአንድ እርምጃ ዝናቡ ላይ እንደርሳለን። ዛሬ የተዘለለውን መካከል ቀስ ብለን እንይ።

ኤልያስ ወደ ምድር ተጎንብሶ እየጸለየ ሳለ ብላቴናውን ወደ ባሕሩ እንዲመለከት ላከው። ብላቴናው አየ፤ ምንም የለም አለ። ነቢዩ ደግሞ ላከው። እንዲህ እየሆነ እስከ ሰባተኛው ድረስ ቆየ፤ በሰባተኛውም ከባሕሩ በኩል በሰው መዳፍ ልክ የሆነች ትንሽ ደመና ታየች። ኤልያስ ያቺ ደመና ሰማዩን እስክትሞላ አልጠበቀም። ዝናቡ መንገድ ላይ እንዳያስቀረው ሠረገላውን ጭኖ ቶሎ ይውረድ ብሎ ወደ ንጉሡ ወደ አክዓብ መልእክት ሰደደ። መልእክቱ ከዝናቡ ቀደመ።

ለምን ያን ያህል መቸኮል አስፈለገ? አክዓብ ወደ ኢይዝራኤል የሚሄድበት ሜዳ የቂሶን ወንዝ የሚያልፍበት ነው። መጽሐፈ መሳፍንት እንደሚነግረን ዘጠኝ መቶ የብረት ሠረገላ ይዞ የወጣውን የሲሣራን ሠራዊት ሰማይ ከላይ ሲዘንብ የጠረገው ያው ቂሶን ነው። ጭቃና ጎርፍ ለሠረገላ ምን እንደሆነ በዚያ አገር የተሰወረ አልነበረም። ስለዚህ ነቢዩ ዝናብ ይመጣል ብሎ ብቻ አላበቃም፤ ማን እንደሚጎዳና መቼ መነሣት እንዳለበት ጨምሮ ተናገረ። ጸሎቱ ምልከታውን አላስቀረውም፤ ምልከታውም ጸሎቱን አላሳነሰውም። ይህን ከያዝን ቀሪው ትምህርት ይከተላል።

በመጀመሪያ ከምእመናን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣውን ጥያቄ እንመልስ። ዝናብን የሚሰጥ እግዚአብሔር ከሆነ፣ ሰው ነገ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ይጥላል ብሎ መናገሩ ድፍረት አይሆንም ወይ? ከጠንቋይና ከኮከብ ቆጣሪስ በምን ይለያል? ጥያቄው ከቅንዓት የመጣ ስለሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታችን ለሕዝቡ ሲናገር፣ ደመና ከምዕራብ ሲነሣ ዝናብ እንደሚመጣ፣ ነፋስ ከደቡብ ሲነፍስ ትኩሳት እንደሚሆን ማወቃቸውን ጠቅሷል፤ እንዳሉትም እንደሚሆን መስክሮላቸዋል። የገሠጻቸው ሰማዩን ስላነበቡ አልነበረም። ያንኑ ማስተዋል በፊታቸው ለቆመው ዘመን ስለነፈጉት ነው። የአገሩ አቀማመጥም ነገሩን ይገልጥልናል። በስተምዕራብ ታላቁ ባሕር ሜዲትራኒያን አለ፤ በስተደቡብ ምድረ በዳ አለ። እርጥበቱ ከባሕር፣ ትኩሳቱ ከበረሃ ይመጣል። የገሊላ ገበሬ ይህን ያወቀው በሟርት አልነበረም። ፈጣሪ ለፍጥረቱ ሥርዓት ስለሠራለት፣ ሥርዓትም ሲደጋገም ስለሚታይ ነው።

ጠንቋይ ያወቀበትን መንገድ ይሰውራል፤ የተናገረው ሳይሆን ሲቀር ምክንያት ይፈልጋል እንጂ አይመረመርም። የሜትሮሎጂ ባለሙያ መንገዱን ይገልጣል፣ ምን ያህል እንደሚጠራጠር ይናገራል፣ በማግስቱም የተናገረው በዝናብ መለኪያው ከተጠራቀመው ውሃ ጋር ተነጻጽሮ ይመዘናል። ይህ ባለሙያ ነቢይ አይደለም፤ ነቢይ ነኝም አይልም። የፍጥረትን ሥርዓት አንብቦ፣ ነገሩ እርግጠኛ ከመሆኑ በፊት፣ ለሰሚው የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጣል። በእኔ እምነት የትንበያ ክብሩም ሸክሙም እዚህ ላይ ነው፤ ሰሚው ገና ደመናዋ በመዳፍ ልክ ሳለች እንዲነሣ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ሥርዓቱ እንግባ። ሊቃውንቶቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ አራቱን ባሕርያት ያነሣሉ፤ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት። የዛሬው ሳይንስ ቁስን በእነዚህ አይከፋፍልም፤ ነገር ግን ነጎድጓድ የሚወልድ ደመና ምን ምን እንደሚያስፈልገው ለማስታወስ ከእነዚህ አራት የተሻለ መያዣ አላገኘሁም።

ከውሃው እንጀምር። በአየር ውስጥ ዓይን የማያየው እንፋሎት አለ። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊይዘው የሚችለው እንፋሎት በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል። በክረምት ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚደርሰው እርጥበት ከብዙ አቅጣጫ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ደኖችና ከእነርሱም ወዲያ ካለው አትላንቲክ፣ ከቀይ ባሕርም በኩል። ትንበያ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እርጥበቱ አለ ወይ፣ ጥልቀቱስ ምን ያህል ነው ብሎ ነው። ለምድር ቅርብ የሆነው ስስ ሽፋን ብቻ እርጥብ ከሆነ ደመናው ተስፋ ሰጥቶ ይበተናል።

እሳቱ ሁለት ነው፤ የሚታይና የተሰወረ። የሚታየው ፀሐይ ምድርን የምታሞቅበት ነው። የተሰወረው በእንፋሎቱ ውስጥ ያለው ነው። ውሃ ተንኖ ሲነሣ ሙቀት ይዞ ይነሣል፤ ተመልሶ ጠብታ ሲሆን ያን ሙቀት ይለቅቃል። አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት ወደ ውሃ ሲመለስ የሚለቀቀው ሙቀት 6 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ ከዜሮ ዲግሪ አንሥቶ እስከ መፍላት ያደርሳል። አንድ የነጎድጓድ ደመና የሚያዘንበው ደግሞ በኪሎ የሚቆጠር አይደለም፤ በብዙ ሺህ ቶን ነው። ደመናው እንደ ተራራ ቀጥ ብሎ በእኛ የምድር ወገብ አካባቢ 15 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚወጣበት ኃይል ከዚህ ይመጣል።

ነገር ግን ሙቀት ስላለ ብቻ አየር አይነሣም። የሚወጣ አየር በየአንድ ኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ጠብታ መሥራት ከጀመረ በኋላ የተሰወረው ሙቀት ስለሚያግዘው የሚቀዘቅዘው በዝግታ ይሆናል። በዙሪያው ያለው አየር ከእርሱ ይልቅ ከቀዘቀዘ፣ የሚወጣው አየር እየቀለለ ያለ ከልካይ ይሽቀዳደማል፤ ከውሃ በታች የፈሰሰ ዘይት ወደ ላይ እንደሚመጣ ማለት ነው። በዙሪያው ያለው አየር ከሞቀ ግን እዚያው ይቆማል። ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ያልተረጋጋ አየር፣ ሁለተኛውን የተረጋጋ አየር ይሉታል። ይህን ለማወቅ በዓለም ዙሪያ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ለሚሆነው መረጃ፣ መለኪያ የታሰረባቸው ፊኛዎች ወደ ሰማይ ይለቀቃሉ። ፊኛው እስከ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየወጣ የየከፍታውን ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ ይነግራል። ብላቴናው ከተራራው ጫፍ ወደ ባሕር ያየውን ያህል፣ ፊኛው ሰማዩን ከእግሩ እስከ ራሱ ያየዋል።

መሬት ማንሻው ነው። ያልተረጋጋ አየርም ቢሆን የመጀመሪያውን ግፊት የሚሰጠው ይፈልጋል። የጮቄ፣ የጉና፣ የሰሜን፣ የባሌ ተራሮች ጠዋት ፀሐይ ስታገኛቸው ጎናቸው ይሞቃል፤ አየሩ ተዳፋቱን ይዞ ይወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ነጭ የሆነው ደመና ከ9 ሰዓት በኋላ ይጠቁራል። የደጋ እረኛ ከከሰዓት በኋላ ዝናብ የሚሸሸው ለዚህ ነው። ሁለት ነፋሶች ፊት ለፊት ሲገናኙም መሄጃ ያጣው አየር ወደ ላይ ይወጣል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሌሊት በዙሪያው ያለው ምድር ቶሎ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ከየዳርቻው ወደ ሐይቁ መካከል ይነፍስና እዚያ ይገናኛል፤ ኃይለኛው ነጎድጓድ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ላይ ባሉበት በሌሊት ይወርዳል። አንድ ሥርዓት በሁለት ቦታ ሁለት ሰዓት ይኖረዋል። የቦታውን ጠባይ የማያውቅ ሰው በየትኛውም ኮምፒውተር ቢታገዝ አይሆንለትም።

ነፋስን በመጨረሻ ያመጣሁት ደመናውን ሳይሆን የደመናውን ዕድሜ ስለሚወስን ነው። አንድ ተራ የነጎድጓድ ደመና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይኖራል። የራሱ ዝናብ ቀዝቃዛ አየር ይዞ ይወርድና የተነሣበትን ሙቅ አየር ያፍነዋል። ነፋሱ ከታችና ከላይ በአቅጣጫና በፍጥነት የተለያየ ሲሆን ግን ዝናቡ የሚወርድበት ቦታና ሙቅ አየር የሚገባበት ቦታ ይለያያሉ፤ ደመናው ራሱን አያንቅም፤ ለብዙ ሰዓት ይጓዛል፤ ትልቅ በረዶና ጣሪያ የሚነቅል ነፋስ ይጥላል። በአሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች አውሎ ነፋስን የሚወልደው ይህ ነው። በእኛ ክረምት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከእስያ በኩል የሚነፍሰው ኃይለኛ የምሥራቅ ነፋስ አለ፤ የኢትዮጵያን ክረምት የሚመረምሩ ሁሉ እርሱን ይከታተላሉ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ነጎድጓድ ነው። ከባድ ዝናብ ግን የራሱ ሕግ አለው፤ ይህን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። በአንድ ቦታ የሚወርደው ውሃ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በምን ያህል ኃይል ዘነበ፣ ምን ያህል ጊዜስ ቆየ። አስፈሪ መብረቅ የነበረው ደመና ፈጥኖ ካለፈ ጥቂት ውሃ ይተዋል። ድምፁ መካከለኛ የሆነ፣ ነገር ግን ከተራራ ጋር ተጣብቆ የቆመ፣ ወይም አንዱ ሲያልፍ ሌላው በዚያው መንገድ የሚከተለው ደመና አገር ያጠፋል። ስለዚህ ባለሙያው ደመናው ምን ያህል ትልቅ ነው ከሚለው ይልቅ ወዴት ነው የሚሄደው፣ በምን ፍጥነት ነው፣ ከኋላው ማን አለ ብሎ ይጠይቃል።

ቁጥሩን ደግሞ በእጃችን እናስላው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 50 ሚሊ ሜትር በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ ላይ ቢወርድ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። መሬቱ የተራቆተና ገደላማ ከሆነ አብዛኛው ወደ አንድ ጠባብ ወንዝ ይሰበሰባል። ከላይ የዘነበው 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ታች ግን ግድግዳ የሚያህል ውሃ ይደርሳል።

ድሬዳዋ ይህን በመራራ ተምራለች። ከተማዋ 1200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ቆላ ናት። በስተደቡብ የሐረርጌ ደጋ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይነሣል። ደቻቱ በከተማዋ መካከል የሚያልፍ፣ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ በሌሊት ደቻቱን ሞልቶ ከተማዋ ላይ ደረሰ። ሰው ተኝቶ ነበር። ከ250 በላይ ነፍስ ጠፋ። ገና ሳምንት አልፎ፣ በደቡብ ኦሞ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ360 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በሁለቱም ቦታ የገደለው ውሃ የመጣው ከላይ፣ ከሩቅ ነው። ስለዚህ ትንበያ ስንሰማ የእኔ ሰፈር ይዘንባል ወይ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የእኔ ወንዝ ከየት ይነሣል፣ እዚያስ ምን ተባለ ብለን እንጠይቅ።

ቀኖቹን ከቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ጋር አስተያዩአቸው። ሊቃውንት ክረምትን በክፍል በክፍል ሲከፍሉ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለውን ጊዜ ለመብረቅ፣ ለነጎድጓድ፣ ለባሕርና ለአፍላጋት ሰጥተውታል። የደቻቱም የኦሞም ጎርፍ የወረደው በዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ድንቅ ብዬ የማነሣው ምሥጢር አለው ለማለት አይደለም። አባቶች የአገራቸውን ሰማይ ዘመን ከዘመን ሲያዩ ኖረው፣ ያዩትን በምስጋና ሥርዓት ውስጥ አኖሩት። ሜትሮሎጂም የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ነው፤ የብዙ ዓመት መዝገብ ይዞ በዚህ ቦታ በዚህ ወቅት ምን ይጠበቃል የሚለውን ማወቅ። ከዚህ መዝገብ ያልተነሣ ትንበያ ሥር የለውም።

ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ነገን አይነግርም። ለነገ የዛሬን ሰማይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ የሰው አቅም ልክ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. በ1961 ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በኮምፒውተር የአየር ሁኔታን የሚመስል ስሌት ሲያሠራ ነበር። አንዱን ስሌት ከመካከል ለመድገም 0.506127 የነበረውን ቁጥር 0.506 ብሎ አስገባው። ልዩነቱ ከምንም የማይቆጠር ነበር። ተመልሶ ሲያየው ግን ሁለቱ ስሌቶች ከጥቂት ቆይታ በኋላ ፈጽሞ የማይመሳሰል የአየር ሁኔታ ያሳያሉ። ከዚህ የተማረው ነገር የትንበያን ሳይንስ ለወጠው። የዛሬውን ሰማይ ፍጹም አድርገን መለካት ስለማንችል፣ ትንሿ ስሕተታችን ከቀን ወደ ቀን ትባዛለች።

መፍትሔው ይህን ትሕትና ወደ ስሌቱ ማስገባት ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ታላላቆቹ የትንበያ ማዕከላት አንድ ስሌት አሠርተው አይበቃቸውም። የአውሮፓው ማዕከል መነሻውን በጥቂት በጥቂቱ እየለዋወጠ ስሌቱን 51 ጊዜ ያሠራል። ከ51ዱ 45ቱ በነገው ቀን በአንድ አካባቢ ከባድ ዝናብ ካሳዩ እምነቱ ጠንካራ ነው። 15ቱ ብቻ ካሳዩ ነገሩ 30 በመቶ ያህል ነው። 30 በመቶ ማለት አካባቢው በሲሶው ይዘንባል ወይም ለሲሶ ቀን ይዘንባል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ሁኔታ አሥር ጊዜ ቢያጋጥም በሦስቱ ይሆናል ማለት ነው። ባለሙያው ዕድሜ ልኩን 30 በመቶ ያላቸውን ቀኖች ሰብስባችሁ ብትመረምሩ፣ ሲሶ ገደማ የሚሆኑት ዘንበው ከተገኙ እውነተኛ ነው። ታዲያ ሰሚው ምን ያድርግ? የታጠበ ልብስ ለማስጣት 30 በመቶ ምንም አይደለም። ደረቅ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክሎ ልጆችን ለማሳደር ግን 30 በመቶ እጅግ ብዙ ነው። ቁጥሩን ባለሙያው ይሰጣል፤ ምን አደጋ ላይ እንዳለ የሚያውቀው ሰሚው ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ደንብ መያዝ አለብን፤ ቃሉ ከጊዜው ርቀት ጋር ይመጣጠን። ከወራት በፊት መናገር የሚቻለው ስለ ወቅቱ ጠባይ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት የየወቅቱን አዝማሚያ ሲያወጣ የፓስፊክን ውቅያኖስ ሙቀት ሳይቀር ይመለከታል። ውቅያኖሱ በኤልኒኞ ሲሞቅ ክረምታችን ብዙ ጊዜ ይደክማል፤ በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነውና ወደ 10 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለእርዳታ የዳረገው ድርቅ ምስክር ነው። ከቀናት በፊት ስለ ክልል መናገር ይቻላል፤ በምዕራብ ደጋ ነገ ከሰዓት በኋላ በብዙ ቦታ ነጎድጓድ፣ በአንዳንድ ቦታ ከባድ ዝናብ እየተባለ። የትኛው ቀበሌ በስንት ሰዓት የሚለው ግን ከደመናው መወለድ በኋላ የሚመጣ ዕውቀት ነው። ያን ጊዜ ሳተላይት ከ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የደመናውን ራስ ቅዝቃዜ እያነበበ ያሳያል፤ ራዳር ባለበትም ዝናቡ ራሱ ይታያል። የቀረው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ነው። ከሳምንት በፊት የሰፈሩን ስምና ሰዓቱን ቆርጦ የሚናገር ሰው ቢመጣ አትመኑት፤ ካለው ዕውቀት በላይ እየተናገረ ነውና። በአንጻሩ ደግሞ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ዝናብ ሊጥል ይችላል ብቻ ብሎ የሚያቆም ማስታወቂያ በጣም ያሳዝነኛል። እውነት ነው፤ ግን ማንም ከተቀመጠበት አይነሣበትም።

ትክክለኛ ቃል ራሱ በሰዓቱ ካልደረሰ አያድንም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2024 በስፔን ቫሌንሺያ የሆነውን እናስብ። የአገሪቱ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ግድም የመጨረሻውን፣ ቀዩን ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በቱሪስ ከተማ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ770 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፤ ይህም አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ከግማሽ በላይ ነው። በየሰው ስልክ ላይ የሚጮኸው የአደጋ መልእክት የተላከው ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት በታች ባሉት ከተሞች ውሃው መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ብዙዎቹ ከተሞች ራሳቸው እምብዛም አልዘነበባቸውም፤ ከላይ የወረደው ነው የደረሰባቸው። ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ትንበያው አልሳተም። ከትንበያው እስከ ሰው ጆሮ ያለው መንገድ ነው የተበጠሰው። ኤልያስ ደመናዋ እንደታየች መልእክቱን ለመስደድ አንድ ሰዓት እንኳ አለመውሰዱን እዚህ ላይ ልብ እንበል።

ሰዎች ማስጠንቀቂያን የሚንቁት ብዙ ጊዜ ከዚህ በፊት ተብሎ ሳይሆን ስለቀረ ነው። በየዓመቱ ጾመ ነነዌን የምንጾም ሕዝብ ለዚህ መልስ ልናጣ አይገባንም። ዮናስ ያስጠነቀቀው ጥፋት በነነዌ ላይ አልደረሰም፤ የነነዌን ሰዎች ግን በከንቱ ደከሙ አንላቸውም። ደመና በንስሐ አይመለስም እያልኩ አይደለም፤ ያን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። የምለው፣ ከወንዙ ዳር ተነሥተው ያደሩ ሰዎች ጎርፉ ባይመጣ ያጡት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። ጎርፉ ቢመጣ ደግሞ ያተረፉት ልጆቻቸውን ነው። ጥሩ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አንዳንድ ጊዜ ሳይሆን የሚቀር ነገር መናገሩ የማይቀር ነው፤ ፈጽሞ እንዳይሳሳት የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይናገራል።

ስለ ሞቱትም አንድ ነገር እንበል፤ ይህ ትምህርት ያለ እርሱ ጎዶሎ ነውና። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከባድ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት የጎረቤቱን ልጅ ለማውጣት ተሰብስቦ ሲቆፍር መሬቱ ዳግመኛ ተናደ፤ ከ220 በላይ ከሆኑት ሟቾች ብዙዎቹ ለማዳን የመጡት ነበሩ። እንዲህ ያለ ነገር በሆነ ቁጥር የኃጢአታቸው ዋጋ ነው የሚል ድምፅ ከአንዳንድ ቦታ ይሰማል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ ስለወደቀባቸው አሥራ ስምንት ሰዎች ጌታ ሲናገር፣ ከሌላው ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን ሐሳብ ራሱ አፍርሶታል። በጎፋ ከሞቱት ብዙዎቹ ባልንጀራቸውን ሲወዱ ሞቱ። ከእነርሱ የምንማረው ዝናቡ ሲያባራ አደጋው አብሮ እንደማያባራ ነው። ለቀናት የጠጣ ተዳፋት ከዝናቡ በኋላም ይናዳል፤ አንዴ የተናደ ደግሞ ይናዳል። ስለዚህ ነፍስ ለማውጣት የሚገባ ሰው ካለ፣ ከላይ ሆኖ ገደሉን ብቻ የሚመለከት ሌላ ሰው ይቁም፤ ስንጥቅ ወይም የሚንከባለል ድንጋይ ባየ ጊዜ ይጩህ።

አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ታድርግ? ደወል አላት፣ ድምፅ ማጉያ አላት፣ እያንዳንዱን ቤት የሚያውቁ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሏት። ከእነዚህ ሁለት ወጣቶች በክረምት በየማታው የሜትሮሎጂውን መግለጫ እንዲሰሙ፣ ወንዙ ከሚነሣበት ደጋ ካለ አጥቢያ ጋር በስልክ እንዲገናኙ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጀምር የሚደወል አንድ ስልክ፣ በቆላው ለሚተኛ ሰው በደቂቃና በሰዓት የሚቆጠር ዕድሜ ነው። ማን አካል ጉዳተኛ ነው፣ ማን ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት፣ ቤቱ ወንዝ ዳር ያለው ማን ነው የሚለው አስቀድሞ ይታወቅ።

ደወሉ ግን ከነጎድጓዱ በፊት ይደወል። በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ መብረቅን ለማባረር በማዕበል መካከል ደወል ይደወል ነበር፤ ብዙ ደዋዮች ገመዱን እንደያዙ በመብረቅ ሞተዋል። ቤተ ክርስቲያኖቻችን በኮረብታ ራስ ላይ፣ በረጃጅም ዛፎች መካከል ይታነጻሉ፤ በጉልላቱ ላይ ያለው የብረት መስቀል ከሁሉ ከፍ ብሎ ይቆማል። መብረቅ የሚሻውም ከፍ ያለውን ነው። ወፍራም የመዳብ ሽቦ ከጉልላቱ እስከ መሬት ውስጥ በባለሙያ ማውረድ ሕንፃውንና በውስጡ የሚያስቀድሱትን ይጠብቃል፤ እምነት ማጣት ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ ጣሪያውንም የሠራነው ዝናብ እንዳያገኘን እንደሆነ ያስታውስ።

ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁን እስክትሰሙ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከ30 ሳትደርሱ ከሰማችሁ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ቀጣዩ እናንተ ላይ ሊወርድ ይችላል። ከዛፍ ሥር ውጡ፣ ከኮረብታው ራስ ውረዱ፣ ከብቱንና አጥሩን ልቀቁ፤ በደንብ ወደ ታነጸ ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ወዳለው መኪና ግቡ። መጠለያ በሌለበት እረኞች ተራርቀው ይቁሙ፤ ተቃቅፈው ከቆሙ አንድ መብረቅ ሁሉንም ያገኛቸዋል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ። መብረቅ የመታው ሰው ካለ ደግሞ አትፍሩት፤ ኤሌክትሪክ በሰውነቱ ውስጥ አይቀርም፤ ወዲያው ሊነካ ይችላል። የሚገድለው ብዙ ጊዜ የልብና የትንፋሽ መቆም ነው። ትንፋሽ ከሌለው በጀርባው አስተኝታችሁ፣ በደረቱ መካከል ሁለት መዳፋችሁን ደራርባችሁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል እየጫናችሁ፣ ሲደክማችሁ እየተቀያየራችሁ፣ እርዳታ እስኪደርስ ድረስ አታቋርጡ።